የአንዱ ማረሻ የሁሉ በረዶ

በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋማ ቀበሌዎች በረዶ ወርዶ ቡቃያውን ከመሬት ሲያነጥፈው፣ ማሳውን አይቶ የተመለሰ ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ደመናው አይደለም። «በዓል የሻረው ማን ነው?» ይላል። ማን ምን ሲሠራ ታየ የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል። አንዱ በሚካኤል ቀንበር ተሸክሞ ወደ ማዶ ሲሻገር ታይቷል፤ ሌላውን በማርያም ዕለት ማሳው መሃል አጎንብሶ እረኞች አይተውታል። ሽማግሌ ይቀመጣል። የተጠረጠረው ሰው «ለከብቴ ሣር ላጭድ እንጂ አረም ልነቅል አልወጣሁም» ብሎ ይከራከራል። ከተረታ ይቀጣል፤ ገንዘብ የሚያስከፍል መንደር አለ፣ ጠላ አስጠምቆ ይቅርታ የሚያስጠይቅ አለ፣ ከማኅበር እስከ ማግለል የሚደርስም አለ። በረዶ ይመልሳል የሚባል ደብተራ ባለበት አካባቢ ደግሞ ከየቤቱ የተዋጣለት እህል ዘንድሮ ለምን ፍሬ እንዳጣ ሌላ ክርክር ይነሣል።

ይህን ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ቶሎ ፈርደውበት ያልፋሉ። የልማት ባለሙያው ኋላ ቀርነት ነው ብሎ የባከነውን የሥራ ቀን ይደምራል። አንዳንድ ሰባኪ በበኩሉ የእምነት ጽናት ነው ብሎ ያወድሳል። ሁለቱም ሲቸኩሉ ከባዱን ጥያቄ ሳያዩት ያልፋሉ፦ አንዱ ላጠፋው ጎረቤቱ ለምን ይመታል? ጥያቄው የሃይማኖት ነው። መንደሩ የሚመልሰው ግን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ፣ በበሬውና በጉርብትናው ጭምር ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ ይታይ። ወሩ በልደታ ይጀምራል። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ይውላል። እነዚህ ብቻ 10 ናቸው። 4 ቅዳሜና 4 እሑድ ሲጨመሩ፣ የሚገጣጠሙት ካልተቀነሱ፣ ከወሩ 30 ቀን 18ቱ ሄዱ ማለት ነው። ዓመታዊ በዓላት ገና አልተነኩም።

ሆኖም ይህን ሁሉ እኩል አጥብቆ የሚያከብር መንደር የለም ማለት ይቻላል። የሚጠብቀው የደብሩ ታቦት ቀን ነው፤ ደብሩ ጊዮርጊስ የሆነው መንደር በ23 ሞፈር ሲሰቅል፣ ሥላሴን የተከለው የወንዝ ማዶው ጎረቤት በዚያው ቀን በሬ ሊያወጣ ይችላል። ክልከላውም ደረጃ አለው። ማረስ፣ እህል ማጨድ፣ መውቃትና መፍጨት በዓል ያሽራል፤ ከብት ማሰማራት፣ የወደቀ አጥር ማንሣት፣ ገበያ መሄድ፣ የታመመ መጠየቅ ግን አያሽርም። ስብሰባም እንደዚሁ። የቀበሌ ሹም ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ሰው ከቤቱ የሚገኘው በበዓል ስለሆነ ስብሰባውን የሚጠራው በዚያ ቀን ነው። በዓል በዛ ብለው ከሚያማርሩት ባለሥልጣናት መካከል ይህን ጥቅም አብሮ የሚያነሣ እምብዛም አይሰማም።

ክርክሩ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው በማስተማራቸው ከግብፅ ከሚላኩት ጳጳሳት ትምህርት ጋር ተጋጩ፤ አገር ጥለው ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ክህነት ተነፍገው፣ ከቤተ መንግሥት ርቀው፣ እንደ ደብረ ቢዘን ባሉ የሰሜን ገዳማት አቋማቸውን ይዘው ቆዩ። ነገሩ እልባት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋ ደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ ነው። ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ተባለ፤ ግብፃውያኑ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ተስማሙ። ንጉሡ በዚህ ሳያበቁ 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ አዘዙ። ዛሬ ገበሬው «የአባቶቻችን ሥርዓት» የሚለው የቀን አቆጣጠር እንግዲህ አንድ ጊዜ የመንግሥት ውሳኔም ነበር። ቋንቋውና ልማዱ የተለያየውን ግዛት በአንድ የሥራና የዕረፍት ሥርዓት ማሰር ለአንድ ንጉሠ ነገሥት ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ቅዳሜን ከሁሉ አጥብቀው ያከብሩ የነበሩት ግን በጎንደር ዙሪያ የኖሩት ቤተ እስራኤል ናቸው። በሰንበት እሳት አይነድባቸውም ነበር፤ ከመንደር ርቆ መሄድም አይፈቀድም ነበር። ርስት ተነፍገው ብዙዎቹ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ስለነበር፣ ማረሻው የዶለዶመበት ክርስቲያን ገበሬ ዓርብ ሳይመሽ መድረስ ነበረበት። የአንዱ እምነት የሌላውን የእርሻ ቀን ሲወስን የኖረው እንዲህ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ ሳይደራደርበት።

በዓል የመቀነስ ሐሳብም የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በካቶሊኩ ዓለም ሠራተኛው የዕለት ጉርሱን ያጣል፣ በዓሉም የስካርና የጠብ ቀን ይሆናል የሚል አቤቱታ በዝቶ፣ ጳጳሱ ኡርባኖስ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1642 የግዴታ በዓላትን ቁጥር ቀንሰዋል። በኢትዮጵያም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ በጌታ ዐበይት በዓላትና በወርኃዊ መታሰቢያ መካከል ያለው ልዩነት የታወቀ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሰንበትና በዓላት የሚናገር የራሱ ክፍል አለው። ወርኃዊ መታሰቢያ ከቅዳሴ በኋላ ሥራን ይከለክላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የተማረው ካህን የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከመንደሩ ሕግ የላላ ነው። የሚያጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው። ካህኑ ቢፈቅድ እንኳ ጎረቤት አይፈቅድም።

እዚህ ላይ ነው በረዶው የሚመጣው።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጋራ ቅጣት አንድ ወጥ ድምፅ የለውም። በመጽሐፈ ኢያሱ አካን የሚባል ሰው ከተከለከለው ምርኮ ደብቆ ይወስዳል፤ እስራኤል በጋይ ፊት ይሸነፋል፤ ምንም ያላወቁ ሰዎች ይሞታሉ። ጥፋቱ የአንድ ድንኳን፣ ሽንፈቱ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ሕዝቅኤል ደግሞ ይህን አስተሳሰብ ፊት ለፊት ይቃወማል፤ ልጅ የአባቱን፣ አባትም የልጁን ኃጢአት አይሸከምም፣ እያንዳንዱ በገዛ ሥራው ይጠየቃል ይላል። ከተሜው አማኝ ያለ ብዙ ማመንታት ከሕዝቅኤል ጋር ይቆማል። ደመወዙ በስሙ ይገባል፣ ቤቱ በር አለው፣ የጎረቤቱ ስንፍና እንጀራውን አይነካበትም። የገበሬው ኑሮ ግን ወደ አካን ታሪክ ያደላል። በረዶ የንጹሑን ማሳ ዘሎ የጥፋተኛውን አይመታም፤ የአንበጣ መንጋም፣ ጎርፍም፣ የከብት በሽታም እንደዚያው። የአንድ ሰው ፍየል የገባበት የተከለለ ተራራ የአንድ ሰው ተራራ አይደለም። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ «የኔ ኃጢአት የኔ ነው» የሚል ሰው ትሑት ሳይሆን ግድ የለሽ መስሎ ቢታይ አይገርምም።

የሚያስቀው፣ በበረዶው የሚሳለቀው የልማት ሥርዓት ራሱ በአካን ሕግ መኖሩ ነው። ንብረት ለሌለው ገበሬ ገንዘብ የሚያበድር ተቋም ምን ያደርጋል? ተበዳሪዎቹን በቡድን ያደራጃል፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ፣ ወይም ለሁሉም የሚቀጥለው ብድር ይዘጋል። በባንግላዴሽ ግራሚን ባንክ ዝነኛ ያደረገው፣ በኢትዮጵያም የብድርና ቁጠባ ተቋማት ለዓመታት የሠሩበት የቡድን ዋስትና ይኸው ነው። የአንዱ ጥፋት በሁሉ ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ልዩነቱ ብድሩን ቀሪው አባል መክፈሉ ሰው በፈረመው ውል መሆኑ ነው፤ በበረዶው ውል ላይ የፈረመው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ተበዳሪው ወደ ቡድን ሲገባ የሚያምነውን ሰው መምረጥ ይችላል። ጎረቤት ግን አይመረጥም።

በዓሉ የሚጠብቀው ምንድን ነው? የደጋ ገበሬ እርሻ ብቻውን የሚያርሰው እርሻ አይደለም። ብዙው ያለው አንድ በሬ ነው፤ እሱም ከሌለው ጥቂት አይደለም። አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ሁለት ቀን ለአንዱ፣ ሁለት ቀን ለሌላው ይጠመዳል። መቀናጆው የሚሠራው ሁለቱ ሰዎች በአንድ የቀን አቆጣጠር ሲመሩ ነው፤ አንዱ ሚካኤልን አክብሮ ሌላው «የኔ ተራ ነው» ካለ በሬው የማን ይሆናል? ወንፈልም በቀን የሚቆጠር ብድር ነው። ለአረም የመጣ ሰው ቀኑ ይያዝለታል፤ በአጨዳ ጊዜ ይመለስለታል። ደቦ ሲጠራ ደግሞ ሃያና ሠላሳ ሰው በአንድ ጠዋት መገኘት አለበት። ሁሉም የማይሠራበት ቀን ካልታወቀ ሁሉም የሚሠራበትን ቀን መቁረጥ አይቻልም።

በሬውም አለ። በሰኔ፣ እርሻው በሚጠናበት ወር፣ ያለፈው ዓመት ጭድ አልቆ አዲሱ ሣር ገና ስላልጠነከረ በሬ አጥንቱ ይቆጠራል። አራሹ ቢጠግብና ቢበረታም እንኳ በዚያ ወር በየቀኑ የሚጠመድ በሬ ጥሩ በልግ ካልዘነበ በስተቀር አይገኝም። ለበሬው ዕረፍት የሚሟገተው ጌታው ሳይሆን ታቦቱ ነው።

የሥራ ቀን ሲቆጠር የማይታይ ሌላም ነገር አለ። በዓል ቢሻር በመጀመሪያ የሚያተርፈው ሁለት ጥማድ በሬና ቅጥረኛ ያለው ገበሬ ነው፤ ድሃው እኩል መሮጥ አይችልም። በዓሉ የሁሉንም ሞፈር አንድ ላይ ስለሚሰቅል የሩጫውን ፍጥነት ይገታል። ግን ይህም መከራከሪያ ሙሉ አይደለም። በሬ የሌለው ሰው የባለበሬውን ማሳ ቀድሞ ያርሳል፣ የራሱን በመጨረሻ፤ ዝናቡ ሊያልፍበት አንድ ሳምንት ሲቀረው ሦስት ቀን በዓል ቢውልበት ከማንም በላይ የሚጎዳው እሱ ነው። በዓል ድሃን ይጠብቃል የሚል ሰው ይህን ገበሬ ሄዶ ቢያነጋግር ይጠቅመዋል።

ዕረፍት የጋራ ካልሆነ ዕረፍት እንደማይሆን በሕዝብ ላይ የተሞከረበት አገር አለ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1929 ፋብሪካዎች ለአንድ ቀንም እንዳይቆሙ ብላ ሠራተኛውን በአምስት ቡድን ከፈለችው፤ እያንዳንዱ ቡድን አራት ቀን ሠርቶ በየራሱ ቀን ያርፋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ዕረፍቱ እንዲያውም በዝቷል። ነገር ግን ባል ሰኞ ሲያርፍ ሚስት ረቡዕ፣ ልጆች በሌላ ቀን ሆነ። እሑድም ቅዳሴም አብሮ ጠፋ፤ ያም የታሰበበት ነበር። ሰዉ አጉረመረመ፣ ማሽኖቹም ጥገና አጥተው ተበላሹ። ሥርዓቱ ከተቀያየረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1940 የሰባት ቀን ሳምንትና እሑድ ተመለሱ። አምላክ የለም የሚል መንግሥት የሰንበትን ማኅበራዊ ዋጋ ያስመሰከረበት ታሪክ ነው።

የፈረንሳዩ የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ስለ ሃይማኖታዊ ሕይወት ባጠናው መጽሐፉ፣ ሰዎች በተቀደሰው ቀን ሲሰበሰቡ የሚያከብሩት በመሠረቱ የራሳቸውን አብሮነት ነው ብሎ ይከራከራል። የአማራ ደጋ በዓል ለዚህ ጥሩ ምስክር ይመስላል። ሰንበቴው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይበላል፤ ማኅበሩ ከቤት ቤት እየተዘዋወረ ይጠጣል፤ ተጣልተው የከረሙ ሰዎች ይታረቃሉ፤ ድንበር የገፋው ይመከራል፤ ልጅ ለልጅ ይተጫጫል። የመንደሩ ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤትና የገበያ ወሬ በአንድ ዛፍ ሥር ይውላል። ሊቁ ትክክል ነው ለማለት ያስቸኩላል።

ግን አንድ ችግር አለ። ገበሬው ዘንድ ሄደው «በዓል የምታከብረው ለሠራተኛ ቅንጅትና ለማኅበራዊ ትስስር ነው» ቢሉት አይስማማም። እሱ የሚፈራው በረዶውን ነው፣ የሚያከብረው መልአኩን። ከተስማማም ነገሩ የባሰ ይሆናል፤ ትስስርን በሌላ መንገድ ማግኘት የሚቻል ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ሞፈሩን የማያወርድበት ምክንያት ምንድን ነው? የሥርዓቱ ጥቅም የሚገኘው ሰዎች ጥቅሙን ሳያስቡ ሲፈጽሙት ነው። ስለዚህ እምነቱን በጥቅሙ ተርጉሞ የሚያድን ምሁር፣ ሳያስበው፣ የሚያድነውን ነገር ሥሩን ይቆርጣል። ይህ አስቸጋሪ እውነት ነው፤ ባህልን «ለልማት እንጠቀምበት» የሚል የአውደ ጥናት ተናጋሪ ሁሉ በዚህ እንቅፋት ላይ ቆሞ እንደሚናገር ብዙ ጊዜ አያስተውልም።

ሌላው ያልተቆጠረ ሰው ሴቷ ናት። በበዓል ማረሻ ይቆማል፤ ምድጃ አይቆምም። መፍጨት ክልክል ስለሆነ ዱቄቱ በዋዜማው ይዘጋጃል፤ ጠላው ከቀናት በፊት ይጠነሰሳል፤ በዕለቱ ውሃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ቡና ማፍላት፣ እንግዳ ማስተናገድ አለ። የማኅበሩ ተራ የደረሰባት ሴት ስለ ዕረፍት ብትጠየቅ ትስቅ ይሆናል። ዕረፍቱ የጋራ ሀብት ነው ከተባለ፣ ከዚህ ሀብት ድርሻ ያልደረሳት የመንደሩ ግማሽ ናት።

በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘው አውራ አምባ የተነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው። ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱት አቶ ዙምራ ኑሩ በልጅነታቸው ያስጨነቃቸው ነገር ይህ እንደነበረ ደጋግመው ተናግረዋል፦ እናትና አባት ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ አብረው ውለው ሲመለሱ አባት ያርፋል፣ እናት ግን ሌላ የሥራ ቀን ትጀምራለች፤ ለምን? ሲጠይቁ እንደ እብድ ተቆጠሩ። ከጥቂት ሰዎች ጋር በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም። ፈጣሪ አንድ ነው፣ የሚመለከውም በመልካም ሥራ ነው ይላሉ። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች። ዓርብም እሑድም ይሠራል፤ ለሠርግና ለተዝካር ድግስ የለም፤ ሞት ሲያጋጥም ቀብሮ ወደ ሥራ መመለስ ነው።

ጎረቤቶቻቸው ይህን በደስታ አልተቀበሉትም። በዓል የማያከብር፣ ተዝካር የማያወጣ መንደር አጠገብ መኖር በረዶን ለሚፈራ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በደርግ ዘመን የደረሰባቸውን ጥቃት ሸሽተው እስከ ቦንጋ ተሰደዋል፤ ሲመለሱ መሬታቸው ጠቦ ስላገኙት ኑሯቸውን በይበልጥ በሽመና ላይ አቆሙት። በኋላም የሽመና ቤታቸውን፣ ወፍጮአቸውንና ቤተ መጻሕፍታቸውን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ጎብኚ አላጡም።

ጎብኚው ብዙ ጊዜ የሚያደንቀው በዓል አለመኖሩን ነው፤ ሥራ፣ ሥራ፣ አሁንም ሥራ። ይህ ግን ሙሉውን አያሳይም። አውራ አምባ ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ሠርቷል፤ ለታመመ፣ ለአረጀና ለተቸገረ የሚውል የጋራ ሥራ አለው፤ ቤተሰቦች ተቀምጠው የሚነጋገሩበት፣ ጥፋተኛ የሚመከርበት ጊዜ አለው። ሰንበቴውና ማኅበሩ በአንድ በር ወጥተው ሥራቸው በሌላ በር ገብቷል። የማኅበሩን ቀን ያነሣ ማኅበረሰብ የራሱን የማኅበር ጊዜ ከመቁረጥ አልዳነም።

የጎደለው በረዶው ነው። በአውራ አምባ የጋራውን ሥራ ያልሠራ ሰው የሰማይ ቁጣ በመንደሩ ላይ አያወርድም፤ የሚጠብቀው ምክር፣ ወቀሳና በመጨረሻም ከማኅበሩ መውጣት ነው። እንዲህ ያለ ውል ያለ ፍርሃት ስንት ትውልድ ይዘልቃል? መሥራቹን በዓይኑ ያየ ትውልድ አንድ ነገር ነው፤ በወሬ ብቻ የሚያውቀው ሌላ። የገዳማት ታሪክ የሚያስተምረው ይህ ሽግግር ከባድ መሆኑን ነው፤ ግን ገዳማት ቢያንስ ታቦት ነበራቸው። በሌላ በኩል በረዶውን የሚያምነውም መንደር ቢሆን ልጆቹን በፍርሃት ብቻ አስሮ ማቆየት እየከበደው ነው። ትምህርት ቤት የደመናን አፈጣጠር የተማረ ልጅ አባቱን ለማክበር ሲል ሞፈር ይሰቅል ይሆናል፤ ለልጁ ግን ምን ብሎ ያስተምራል?

መልሱ ምናልባት ከዚያው ከፎገራ ሜዳ ሊመጣ ይችላል። ጣና ሐይቅን ተንተርሶ የተዘረጋው ይህ ሜዳ በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ድሮ የከብት ግጦሽ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ አስገቡ። «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ዝርያ ተስፋፍቶ ዛሬ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በበጋ በሞተር ፓምፕ ሽንኩርት ይለማል። ይህ ገበሬ የሚያርሰው ለጎተራ ብቻ ሳይሆን ለገበያ ነው። የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ነጋዴው ከባሕር ዳርና ከጎንደር መኪና ይዞ የሚመጣው በራሱ ቀን ነው፤ ወንፈልም ቀስ በቀስ በብር ይተካል።

ሽንኩርት ደግሞ ሥላሴን አይጠብቅም፤ በደረቅ ወር ውሃው ከዘገየበት ይጠወልጋል። እናም አሮጌው ጥያቄ በአዲስ መልክ ለንስሐ አባት ይቀርባል። ጌታ በሰንበት በሬ ወይም አህያ ፈትቶ ወደ ውሃ መውሰድን አላወገዘም፣ ጉድጓድ የገባ በሬ ማውጣትንም እንደዚያው፤ እንግዲያው ከብት ማጠጣት ከተፈቀደ ሽንኩርት ማጠጣት ለምን ይከለከላል? ፓምፕ ማስነሣት ማረስ ነው ወይስ ማጠጣት? አንዱ ካህን ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ይላል፤ ሌላው ልብህ ያውቃል ብሎ ያልፈዋል፤ ሦስተኛው ይከለክላል። መንደሩም የራሱን ይላል።

በቦይ ውሃ የሚጠቀሙ መንደሮች ዘንድ ክርክሩ ይበልጥ ይጠናል። በብዙ አካባቢ ውሃውን በተራ የሚያደላድል በሰዉ የተመረጠ የውሃ አባት አለ፤ የእያንዳንዱ ማሳ ቀንና ሰዓት ይታወቃል። ተራው በ7 ወይም በ12 የዋለበት ገበሬ ውሃውን ካልተጠቀመበት ወደሚቀጥለው ማሳ ይፈስሳል፤ የሚቀጥለው ማሳ ባለቤት ሙስሊም ወይም ጴንጤ ከሆነ ደግሞ ያለ ምንም ጭንቀት ያጠጣበታል። የውሃ አባቱ እንግዲህ ተራውን በቀን ሳይሆን በሰው እንዲቆጥርላቸው፣ በዓል የዋለበት ሰው በማግስቱ እንዲተካለት የሚጠይቁት ይኖራሉ። ከተካለት የሌላው ተራ በአንድ ቀን ይገፋል፤ ያኛውም ሰው ሽንኩርት ተክሏል።